ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

ጊዜው የሰኔ ወር መግቢያ ነበር። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ፉሪ፣ በምንኖርበት ሰፈር ያለች አንዲት እህት ሁለት ልጆቿን ይዛ ባለቤቷ ወደሚሠራበት አገር ልትሄድ አሥር ቀን ቀርቷታል። ትልቁን ልጇን ቁርኣን የማስቀራው እኔ በመሆኔ፣ «ኡስታዝ፣ ዕቃውን እየቆጠርን ይጻፉልኝ» ብላ አስጠራችኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ግቢው በካርቶንና በኬሻ ተሞልቷል። ቆራሌው በር ላይ ቆሞ በአሮጌ ድስት ዋጋ ይከራከራል።

«ብፌ አንድ፣ ቁም ሣጥን አንድ፣ ፍራሽ ሦስት» እያልኩ ስጽፍ፣ ከአልጋው ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪና ተጎትቶ ወጣ። እህታችን ዝም አለች። ቆይታም፣ «ይኼ የኛ አይደለም። እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ‹የሰው አደራ ነው፤ እንዳትነኩት› ትል ነበር። የማን እንደሆነ ግን ሳትነግረን ሞተች» አለች።

ቆራሌው ሰምቶ ኖሮ፣ «እትዬ፣ ለእሱ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ» አለ። የትኬቱ ገንዘብ ገና አልሞላም ነበር። እርሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና፣ «የሰው ሐቅ በአንገቴ ተሸክሜ ባሕር አልሻገርም» አለች።

ውድ አንባቢያን! ለመንገድ ስንነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ምን እንደምንይዝና ምን እንደምንተው ነው። «በቤቴ ውስጥ የማን አደራ አለ? የእኔስ አደራ በማን ቤት አለ?» ብለን የምንጠይቅ ግን ስንቶቻችን ነን?

የሂጅራው ሌሊት

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ ቁረይሾች ሊገድሏቸው መክረው ነበር። ይሁንና ብዙዎቹ የመካ ሰዎች መልእክታቸውን ባይቀበሉም ውድ ንብረታቸውን የሚያስቀምጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) በመካ ያስቀሩት አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ዐሊይ (ረ.ዐ) ሦስት ቀን ቆይቶ፣ የሰውን ሁሉ መልሶ፣ ከዚያ በኋላ ተከተላቸው።

ልብ በሉ! የተመለሰው የወዳጅ ብቻ ሳይሆን የጠላትም ንብረት ነው። ነፍስን ለማትረፍ በሚሮጥበት ሌሊት ያልተረሳ አደራ፣ ቪዛ ተመቶለት፣ ትኬት ተቆርጦለት፣ ተረጋግቶ በሚሄድ ሰው ዘንድ እንዴት ይረሳል? አደራን ለባለቤቱ ማድረስ በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ግዴታ ነው።

ዕቃን በሦስት መክፈል

በመሆኑም ካርቶን ከመግዛት በፊት የቤቱን ዕቃ በሦስት መክፈል ይገባል። አንደኛው የሰው የሆነው ነው፤ የተዋስነው ትሪ፣ የእድሩ ድንኳንና ወንበር፣ የመድረሳው ኪታብ፣ የጎረቤት መሰላል በመጀመሪያው ቀን ይመለስ። ዕዳም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ነው። ልጆቹ ስንመለስ የማይበቃቸውን ልብስ ለዓመታት አጥፎ ማስቀመጥ ለብል መቀለብ ነው፤ ዛሬ ለሚለብሰው መስጠት ግን ሰደቃ ነው። ሦስተኛው የሚቀመጠው ነው፤ ይህ ሲያንስ አደራ የሚቀበለው ሰው ሸክምም ይቀንሳል።

መጻፍና ማስመስከር

«ወንድሜ ነው፤ ከእርሱ ጋር ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የዱቤ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት መታዘዙ በመካከላችን ጥርጣሬ እንዳይገባ ነው፤ ለአደራም ይኸው ጥበብ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ዝርዝሩ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ያለበት ሁኔታ፣ ተቀባዩ እንዲጠቀምበት የተፈቀደለት መሆን አለመሆኑ፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥና ባለቤቱ ቢሞት ለማን እንደሚሰጥ ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ቤትን፣ መኪናን ወይም የባንክ ጉዳይን በሚመለከት ግን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተገኝቶ ሕጋዊ ውክልና መስጠት ያስፈልጋል። በሰው ዘንድ የተቀመጠ ወርቅም ከባለቤቱ እጅ ቢርቅ ከባለቤትነቱ አልወጣምና የዘካውን ጉዳይ ከመሄዳችን በፊት ከዑለማ ጠይቀን እንረዳ።

ክረምቱን የሚችል አቀማመጥ

በአገራችን የተቀመጠ ዕቃ የመጀመሪያ ጠላቱ እርጥበት ነው። ልብስና ብርድ ልብስ ታጥቦ በፀሐይ በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ቢታሸግ ይሻግታል፤ ሳይታጠብ የተቀመጠ የሱፍ ልብስ ደግሞ ብል ይጠራል። ፍራሽና ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ እንጨት ይነጠፍ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ማቀዝቀዣ ታጥቦ ደርቆ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀመጥ። ከሬዲዮና ከግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይውጣ፤ ካልወጣ ፈስሶ ዕቃውን ይበላዋል። ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥም።

መጻሕፍት በትንንሽ ካርቶን ይታሸጉ፤ ትልቅ ካርቶን በመጽሐፍ ከተሞላ ሲነሳ ይቀደዳል። ሳሕንና ምጣድ ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉም ጨርቅ ወይም ወረቀት ገብቶ ይደርደር። ሲኒና ጀበና በፎጣ ይጠቅለሉ። ነገር ግን የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበትን ጋዜጣና መጽሔት፣ ይህንንም የምታነቡትን ጨምሮ፣ መጠቅለያ ከማድረግ እንጠንቀቅ። ቁርኣን ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ካርቶን ጎን ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩም ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር።

አብሮ የሚሄደውስ? ለብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚፈቀደው እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ነው፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ግን አስቀድሞ ማየት ያሻል። የልደት፣ የኒካሕ፣ የትምህርትና የክትባት ማስረጃ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን። የስልክ መሙያ ባትሪም ከሰው ጋር ይገባል እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይላክም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ቤተሰብ ቋንጣና ቅቤ ባይለፋበት ይሻለዋል፤ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

የአደራ ተቀባዩ ድርሻ

አደራ የተቀበለ ሰው ያለ ፈቃድ አይጠቀምበትም፤ ያለ ችግርም ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፈውም። እንደ ራሱ ንብረት ከጠበቀው በኋላ ያለ ጥፋቱና ያለ ቸልተኝነቱ ቢጠፋ ግን ዕዳ የለበትም። ይህንን ባለቤቱ ሊያውቅ ይገባል። አንድ ክፍል የሚይዝ ዕቃ በተከራይ ዘመድ ላይ ጥሎ የክራዩን ነገር አለማንሳትም በደል ነው። የማይችል ሰው፣ «አልችልም» ቢል አያስወቅሰውም፤ ተቀብሎ ማበላሸት ነው የሚያስወቅሰው።

መመለሻችን ባሰብነው ቀን ላይሆን እንደሚችልም አንርሳ። በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ እንዲመለሱ ሲደረግ፣ ብዙዎቹ ያፈሩትን ጥለው ነበር የገቡት። እንዲህ ላለው ሰው አገር ቤት የተወው አንድ ፍራሽና አንድ ድስት ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ልብስ ስፌት መኪናው እንመለስ። እህታችን የእናቷን የእድር ጓደኞች አንድ በአንድ ጠየቀች። በአምስተኛው ቀን አንዲት አዛውንት አስታወሱ፤ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። ሴትየዋ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ተመልሳ፣ ሞታለች። ልጇ ጀሞ እንደምትኖር ታወቀና መጥታ በምስክሮች ፊት ተረከበች። «እናቴ ‹ፉሪ መኪና አለኝ› ትል ነበር፤ ማን ቤት እንደሆነ ግን አልነገረችንም» ስትል ሁላችንም ተያየን።

አንዷ እናት ዕቃውን ጠብቃ የባለቤቱን ስም ሳትናገር ሄደች፤ ሌላዋ ዕቃ እንዳላት ተናግራ ያለበትን ሳትገልጽ ሄደች። ሁለቱም አማናቸውን አልበሉም። የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

በማግስቱ እህታችን በየቤቱ ዞራ «አፉ በሉኝ» አለች። የጎደለውን የትኬት ገንዘብ ብፌዋን ሸጣ ሞላች። ከዝርዝሩ ላይም ብፌውን በእጇ ሰረዘችው።

አላህ (ሱ.ወ) ስንሄድም ስንቀርም አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።