ደም ሲያንስ አንገትንም ማስመርመር ነው

«ድካም ድካም ይለኛል፣ ብርዱንም አልቻልኩትም።» ከታላላቆቻችን አፍ የማይጠፋ ቃል ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል!» አንዳንዴ ግን ዕድሜ አይደለም።

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት በታች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ትንሽ ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። እናንተ አገር ቤት እንቅርት የምትሉት የዚችው ዕጢ እብጠት ነው።

ታዲያ አንገትና ደም ምን አገናኛቸው? ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያ ያሉት ስቴም ሴሎች የደም ዘር ናቸው፤ እየተባዙ ቀይ ደም፣ ነጭ ደምና ደም የሚያረጉ ሴሎች ይሆናሉ። ዘር ዝናብ እንደሚፈልግ ሁሉ እነሱም ምልክት ይፈልጋሉ። አንዱ ምልክት የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ቀይ ደም ለመሆን የተዘጋጁትን ሴሎች ያነቃቃል፤ ኩላሊትም ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ደም አሠሪ ሆርሞን እንዲያመርት ይገፋፋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎች የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ የሆነውን ጂን ለዩ። ይኸው ጂን የተበላሸ ቅጂው የዶሮን ደም በሚያሳምም ቫይረስ ውስጥ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ያ ቅጂ ቀይ የደም ሴሎች እንዳይበስሉ ያግዳል።

ስለዚህ ዕጢዋ ስትደክም የመቅኔውም ሥራ ይዘገያል፣ ደምም ሊያንስ ይችላል። ምክንያቱ ይህ ከሆነ የብረት ኪኒን ብቻውን አያድንም። ደም ማነስ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የተደበቀ መድማት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁፓት ሆሊም ሲሄዱ ሐኪሙን «ታይሮይዴስ ተመርምሯል?» ብለው ይጠይቁ። ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ምርመራ ከክንድ በሚቀዳ ደም የሚሠራ ነው።

ኤልትሮክሲን ወይም ኤውቲሮክስ የታዘዘላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኪኒኑ የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ነው። ቁርስም ሆነ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ቡናችን ቢጣፍጥም መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያስቸግራል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ በ4 ሰዓት ይራቁት።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ቀይ የደም ሴል የሚኖረው ወደ 120 ቀን ስለሆነ ደሙ የሚታደሰው በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም። «አልሠራልኝም» ብሎም ሆነ «ተሻለኝ» ብሎ ሐኪም ሳያማክሩ ኪኒኑን ማቆም አይገባም።