አነስተኛ ስርዓተ ክወናዎች የንግድ ሶፍትዌር ድጋፍ የሚያገኙት እንዴት ነው? የፍሪቢኤስዲ ተሞክሮ

ኮምፒውተር የገዛ ሰው የሚያስፈልገውን ፕሮግራም በቀላሉ የሚጭነው፣ ኩባንያዎች ምርታቸውን አስቀድመው ብዙ ተጠቃሚ ላላቸው ስርዓተ ክወናዎች፣ በተለይም ለዊንዶውስና ለማክ ስለሚያዘጋጁ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለ ስርዓት የመረጠ ሰው ግን የሚፈልገው ፕሮግራም ለእርሱ ስርዓት እንዳልተዘጋጀ ብዙ ጊዜ ይነገረዋል። ይህ ችግር እንዴት እንደሚቃለልና መፍትሔው የት ላይ እንደሚቆም ለመረዳት የፍሪቢኤስዲ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው።

ፍሪቢኤስዲ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተሠራው የዩኒክስ ዝርያ የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ነው። ማንኛውም ሰው ኮዱን ማየት፣ ማሻሻልና በነፃ መጠቀም ይችላል። ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን ለተመልካች የሚያደርስባቸው ሰርቨሮች የሚሠሩት በዚሁ ስርዓት ነው፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 ስርዓተ ክወናም መሠረቱ ፍሪቢኤስዲ ነው። በግል ኮምፒውተር ላይ የሚገለገሉበት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ለፍሪቢኤስዲ ባይዘጋጅም በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ኮዱን ወስደው ራሳቸው ከስርዓቱ ጋር ያስማሙታል። ኮዱ የተዘጋ የንግድ ሶፍትዌር ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊለውጠው አይችልም። ባለቤቱ ደግሞ የሚያወጣውን ወጪ ያሰላል። ወጪው ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ብቻ አይደለም፤ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር መፈተሽ፣ ስህተት ማረምና ለደንበኞች ጥያቄ መልስ መስጠትም አለ። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ይህ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ በእምቢታ ይጠናቀቃል።

የፍሪቢኤስዲ ባለሙያዎች ይህን እምቢታ ለማለፍ የተጠቀሙበት የመጀመሪያው ዘዴ የባለቤቱን ትብብር የማይጠይቅ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስርዓቱ ለሊኑክስ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን የሚያስተናግድ ክፍል አለው። አንድ የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል እንዲከፈትለት ወይም ማኅደረ ትውስታ እንዲሰጠው ሲጠይቅ፣ ይህ ክፍል ጥያቄውን ተቀብሎ በፍሪቢኤስዲ አሠራር ይፈጽምለታል። በዚህ መንገድ በርካታ የንግድ ፕሮግራሞች ኮዳቸው ሳይነካ መሥራት ችለዋል። ሆኖም ዘዴው ገደብ አለው። የኮምፒውተሩን አካላት የሚያንቀሳቅሱ ድራይቨሮች ከስርዓቱ እምብርት ከከርነሉ ጋር የተጣበቁ በመሆናቸው የሊኑክስ ድራይቨር በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም። ፕሮግራሙ ቢበላሽም አምራቹ ኃላፊነት አይወስድም።

ሁለተኛው ዘዴ ለባለቤቱ ሥራውን ማቅለል ነው። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፍሪቢኤስዲ ድራይቨር አውጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለ 64 ቢት እትም አልነበረውም። በ2006 የኩባንያው ባለሙያዎች ለዚህ እትም ከፍሪቢኤስዲ ከርነል የጎደሉትን ነገሮች ዘርዝረው አቀረቡ። አብዛኞቹ ከማኅደረ ትውስታ አያያዝ ጋር የተያያዙ ነበሩ። የፍሪቢኤስዲ ገንቢዎች የተጠየቀውን ደረጃ በደረጃ ሠርተው አሟሉ፤ በ2009 መጨረሻም ባለ 64 ቢቱ ድራይቨር ለሙከራ ቀረበ። ሦስት ዓመታት የወሰደው ይህ ጉዳይ ወደ ፍጻሜ የደረሰው፣ “ድጋፍ ስጡን” የሚለው ጥቅል ጥያቄ አንድ በአንድ ሊሠራ ወደሚችል ዝርዝር በመለወጡ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የሕግ ነው። የሰን ማይክሮሲስተምስ ንብረት የነበረው ጃቫ በፍሪቢኤስዲ ላይ መሥራት ይችል የነበረ ቢሆንም፣ የፈቃዱ ሁኔታ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ለሌሎች ማከፋፈልን ይገድብ ነበር። በመሆኑም ተጠቃሚው ኮዱን ከሰን ራሱ አውርዶ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ለረጅም ሰዓት ማጠናቀር ይጠበቅበት ነበር። ለበጎ ፈቃደኞች ስብስብ የንግድ ውል መፈራረም አዳጋች ነው፤ ውል የሚፈርም ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የፍሪቢኤስዲ ፋውንዴሽን ይህን ሚና ወስዶ ከሰን ፈቃድ አገኘ፤ በሚያዝያ 2006ም ዝግጁ የሆነውን ጃቫ ለተጠቃሚዎች አከፋፈለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሰን የጃቫን ኮድ ክፍት እንደሚያደርግ አስታወቀ።

እነዚህ መንገዶች ሁሉንም በር አይከፍቱም። ፊልሞች ያለ ፈቃድ እንዳይገለበጡ የሚከላከለውን ዋይድቫይን የተባለ ሶፍትዌር ጉግል ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ሲያቀርብ ለፍሪቢኤስዲ አላዘጋጀም። ስለዚህ ፊልሙን የሚልከው የኔትፍሊክስ ሰርቨር በፍሪቢኤስዲ እየሠራ፣ በዚያው ስርዓት የሚገለገል ተመልካች ግን ፊልሙን ለማየት የሊኑክስ ብራውዘርን በማስተናገጃው ክፍል በኩል ማስኬድ ይኖርበት ነበር።

ጥቂት ተጠቃሚ ያለው ማኅበረሰብ የኩባንያዎችን ድጋፍ ለማግኘት የሚያደርገው ጥረት ለአማርኛ ተጠቃሚዎችም እንግዳ አይደለም። ቀደም ባሉት ዓመታት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በራሳቸው አሠራር ይመዘግቡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሳይነበብ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቶ አንድ ወጥ መለኪያ አገኘ። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አቀረበ። በዚህም ቢሆን መለኪያውን የማዘጋጀቱ ሥራ ከኩባንያው ድጋፍ ቀድሞ መጠናቀቅ ነበረበት።