የተወረሰ የሞተር ፕሮግራም ከመነካቱ በፊት ይነበብ

ደቡብ ወሎ የበልግም የመኸርም አገር ነው። ሆኖም ሁለቱም ዝናቦች ሁልጊዜ የሚታመኑ ባለመሆናቸው በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ውኃ ስቦ ማጠጣት ለብዙ ገበሬ መተማመኛ ነው። የውኃ መሳቢያው ሞተር በኮምፒዩተር የሚታዘዝ በሆነ ጊዜ ደግሞ ማኅበሩ ከሞተሩ ጋር ፕሮግራሙንም ይወርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት እንዲህ ያለውን ውርስ እንዴት እንደሚረከቡ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሐይቁ ዳር ውኃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣ አንድ ማኅበር እንውሰድ። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ትቶት የሄደው ወረቀት የለም። ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት ሞተሩ በየሰዓቱ ይቆም ጀመር። የሽንኩርት ሥር አጭር ስለሆነ ውኃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል። ከአባላቱ አንዱ፣ «ይህን ፕሮግራም ደምስሰን እንደ አዲስ እናስጽፈው» ይላል። እኛ ግን አስቀድሞ ይነበብ እንላለን። አበው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በመጀመሪያ ክፍሎቹን እንወቅ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ነው፤ ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ራስቤሪ ፓይ በ2004 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞተሩን በቀጥታ አያዝም። የሚያዘው የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን ኢንቨርተር ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሲሆን፣ መልእክቱ ፊደል በፊደል ተራውን ጠብቆ ስለሚያልፍ ተከታታይ ግንኙነት ይባላል። ሁለቱም ወገን በአንድ ፍጥነት ካልተናገሩ አይግባቡም። ለምሳሌ አንዱ በ9600፣ ሌላው በ19200 ባውድ ቢሆን የሚሰማው ትርጉም የሌለው ጫጫታ ብቻ ነው።

ብዙ ኢንቨርተሮች የሚናገሩት ሞድባስ የተባለውን ሥርዓት ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሆኖ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። በሽቦው ላይ 01 03 00 00 00 01 የሚል መልእክት ቢሰማ ትርጉሙ እንደሚከተለው ነው፦ 01 የተጠሪው መሣሪያ ቁጥር ነው፤ 03 «አንብብና ንገረኝ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 00 00 ከየትኛው የቁጥር ሣጥን እንደሚጀመር፣ የመጨረሻው 00 01 ስንት ሣጥን እንደሚነበብ ያመለክታል። ከዚህ በኋላ ስሕተት የሚጣራባቸው ሁለት ቁጥሮች ይከተላሉ። መልሱ 01 03 02 11 94 ብሎ ቢመጣ 02 የሚከተሉትን ቁጥሮች ብዛት ይገልጻል፤ 11 94 ደግሞ በ16 ቤት አቆጣጠር 4500 ነው። ኢንቨርተሩ በመቶኛ የሚቆጥር ከሆነ ይህ 45 ሄርዝ ማለት ነው። በመቶኛ ወይም በአሥረኛ መቁጠሩ ከመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ መረጋገጥ አለበት።

ልብ ሊባል የሚገባው 03 የሚጠይቅ ሲሆን፣ 06 እና 16 ግን የሚያዝዙ መሆናቸው ነው። ስለሆነም በፕሮግራሙ ውስጥ 06 ወይም 16 የሚልክ መስመር ሁሉ ተፈልጎ በደብተር ይመዝገብ። ሞተሩን የሚያስነሡት፣ የሚያቆሙትና ፍጥነቱን የሚለውጡት እነዚህ ናቸው።

የተወረሰ ፕሮግራም ምክንያታቸው ያልተጻፈ መስመሮች ይኖሩታል። ለምሳሌ ሞተሩ ከቆመ በኋላ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ አይነሣም የሚል መስመር ጊዜ ማባከኛ ይመስላል። ዳሩ ግን ሞተሩ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑን በተቃራኒ ሊያዞረው ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ቢነሣ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። እንዲሁም «ፍጥነቱ ከ45 አይለፍ» የሚል መስመር ቢኖር ወደ 50 ለማሳደግ መቸኮል አይገባም። ፓምፕ የሚፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ ከ45 ወደ 50 ማሳደግ በግምት 37 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ሞተሩና የኤሌክትሪክ ገመዱ ያን ላይችሉ ይችላሉ።

ፕሮግራም ጸሐፊው በመስመሩ አጠገብ ያሰፈረው ማስታወሻም ብቻውን አይታመን። በአምባሰል ምድር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ እንደተገኘ ሁላችን እናውቃለን። በፕሮግራምም ማስታወሻው አንድ ነገር፣ መስመሩ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። የሚያስታርቃቸው በሽቦው ላይ በእርግጥ የሚያልፈው መልእክት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፦

ሀ/ የኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ካርድ ሙሉ ግልባጭ ይወሰድ፤ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ለ/ የመሣሪያው ቁጥር፣ የባውዱ ልክና የሽቦዎቹ ቀለም በደብተር ይጻፍ።

ሐ/ በሁለተኛ ኮምፒዩተር ያለ ምንም ንግግር ማዳመጥ ብቻ ይደረግ። በሞድባስ ጠያቂ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ጠያቂ ቢገባ መልእክቱ ይደባለቃል።

መ/ የራስቤሪ ፓይ እግሮች ከ3.3 ቮልት በላይ ስለማይችሉ ሽቦው በማገናኛ መሣሪያ በኩል እንጂ በቀጥታ አይቀጠል።

ሠ/ ኢንቨርተሩን የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይሁን። ኃይል ከተቋረጠ በኋላም በውስጡ ገዳይ ኃይል ስለሚቆይ በላዩ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ይከበር።

ረ/ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው በፕሮግራሙ ሳያልፍ ሞተሩን ማቆሙ በቅድሚያ ይፈተሽ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ማኅበሩ በዚህ መንገድ ቢያዳምጥ ጥያቄው በደንብ ሲሄድ መልሱ አልፎ አልፎ ሲቀር ሊሰማ ይችላል። ብዙ ኢንቨርተሮች ለተወሰነ ሴኮንድ መልእክት ሲቋረጥባቸው ሞተሩን እንዲያቆሙ ሊዘጋጁ ይችላሉ። እንግዲህ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከላላ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው። ፕሮግራሙ ተደምስሶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እንደ ቀድሞው መቆሙን አይተውም ነበር፤ በ30 ሴኮንዷ መስመር ይጠበቅ የነበረው ዘንግም ጠባቂ ባጣ ነበር።

በመጨረሻ የምናሳስበው አዲስ ሞተር የሚረከብ ማኅበር ሁሉ ከቁልፉ ጋር የፕሮግራሙን ግልባጭና የየመስመሩን ምክንያት በአማርኛ የያዘ ደብተር እንዲጠይቅ ነው። ርክክቡም ሁለት አባላት ደብተሩን አንብበው ሞተሩን አስነሥተው እስኪያቆሙ ድረስ አይፈረም።