ስለ ጉትቻና ስለ ቆዳ መቆጣት

ጌጥ ሰውን ያሳምራል ይባላል። እኔን ግን አንድ ጥንድ ጉትቻ ከመልካም ጎረቤት ሊያጣላኝ ነበር። ይህንም የምጽፈው የእኔ ስሕተት በሌሎች እንዳይደርስ በማሰብ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጎረቤታችን ጆሮዬን በመርፌና በክር በሱልኝ። ቍስሉ ሲሽር ክሩን አውጥቼ ከሱቅ የገዛሁትን ወርቅ የሚመስል ርካሽ ጉትቻ አደረግሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጆሮዬ ያሳክከኝ፥ ይቀላና እዥ ያወጣ ጀመር። እኔም «መርፌያቸው ቆሻሻ ነበር» ብዬ እማማን በመንገድ ሳገኛቸው ሰላምታ ነሳኋቸው።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙም ጆሮዬን አይተው «ሌላ የሚያሳክክሽ ስፍራ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከእምብርቴ በታች፥ የቀበቶዬ ዘለበት በሚነካኝ ቦታ፥ ተመሳሳይ ሽፍታ ባሳየኋቸው ጊዜ «እንግዲያስ እዚህ መርፌ አልደረሰም፤ ይህ የኒኬል ሥራ ነው» አሉኝ።

ኒኬል እንደ ብር የሚያንጸባርቅ ጠንካራ ብረት ነው። በርካሽ ጌጥ ውስጥ ይደባለቃል፤ ወይም ከወርቅ ቅቡ ሥር ይለበጣል። ላብ ሲነካው ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ወደ ቆዳ ይገባል። የሰውነት ጠባቂዎች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት በአንዳንድ ሰው ዘንድ ይህን እንግዳ እንደ ጠላት ይቈጥሩታል። አንድ ጊዜ ከለዩትም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሱትም፤ ኒኬል በነካ ቍጥር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቆጣል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ሕግ አወጣ። ዛሬ በዚያ በተበሳ ጆሮ የሚገባ ጌጥ ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በሳምንት የሚለቀው ኒኬል ከ0.2 ማይክሮግራም ማነስ አለበት።

እንግዲህ ጆሮ መግል ቢይዝ፥ ቢያተኵስና ቢጠዘጥዝ ጀርም ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ማሳከኩ ከበዛና ሽፍታው ብረት በነካው ቦታ ሁሉ ከወጣ ግን ጌጡን መጠርጠር ይገባል። ቲታኒየምና ንጹሕ ወርቅ ይስማማሉ፤ ነጭ ወርቅ የሚባለው ግን ኒኬል ሊኖርበት ይችላል።

እኔም ጉትቻውን ባወለቅሁ ጊዜ ጆሮዬ ዳነ። ከእማማም ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ለመንሁ። እሳቸውም ስቀው «ልጄ፥ መርፌዬን እኮ በእሳት አግዬ ነው የበሳሁሽ» አሉኝ። ከመፍረድ በፊት መመርመር እንደሚሻል ያን ዕለት ተማርሁ።