የአባት መሬትና የጧሪ ነገር

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን፣ አንዲት እኅታችን መስቀል ተሳልማ ከበሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ማዳሟ እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ስለ ፈቀደችላት ጊዜ አልነበራትም። «አባቴ፣ እባክዎ ይህን ያድምጡልኝ» ብላ ስልኳን ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ታላቅ ወንድሟ ከጎጃም የላከው ድምፅ ነው። አባታቸው ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም፤ ለሕክምና የተገኘው ገንዘብ አልቋል፤ ስለዚህ ካላቸው 4 ጥማድ መሬት አንዱን ለጎረቤት በወለድ አገድ አስይዟል፣ ሁለተኛውንም ሊያስይዝ ነው። የቀረውን ደግሞ፣ የሚጦራቸው እርሱ ስለ ሆነ፣ በስሙ ሊያዛውረው ከቀበሌ ቀጠሮ ይዟል።

እኅታችን በዚህ ሀገር 9 ዓመት ሠርታለች። በሬዎቹን የገዛች፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰች፣ የአባቷን መድኃኒት በየወሩ የምትልክ እርሷ ናት። «ታዲያ አባቴ፣ ጧሪው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ እንደምትኖሩ ስለማውቅ ግን፣ ካህን እንጂ የሕግ ባለሙያ ባልሆንም፣ ያየሁትንና ዐዋቂዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በአንዳንድ ባለጸጋ ሀገሮች ገበሬ ሲሞት ወራሾቹ የውርስ ግብር ይጠየቃሉ፤ ሲያረጅም የመጦሪያ ቤት ክፍያ እርሻውን ሊጨርሰው ይችላል። በእኛ ሀገር የውርስ ግብር የሚባል የለም። ገበሬው በየዓመቱ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። ይህም ቢሆን ደረሰኙን መናቅ አይገባም፤ በክርክር ጊዜ ማን ሲገብር እንደ ኖረ የሚያሳይ እርሱ ነውና። የመጦሪያ ቤትም በገጠራችን አናውቅም። መጦሪያችን ልጅ ነው።

መሬትም ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ አይሸጥም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ይደነግጋል። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። ታዲያ የማይሸጥ መሬት እንዴት ከቤተሰብ እጅ ይወጣል? የሚወጣው በበሽታ፣ በተዝካርና በጧሪ ስም ነው።

ወለድ አገድን የገጠር ልጆች ስለሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ የሰጠው ሰው መሬቱን ይዞ ያርሳል፤ በየዓመቱ የሚያፍሰው እህል ግን ከዕዳው አይቀነስም። አምስት ዓመት ቢያርስም ዕዳው ያው ሙሉ ነው። የታመመ አባት ያለው ቤት ደግሞ ያን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ስለዚህ መሬቱ በዚያው ይቀራል። ከዚህስ ኪራይ ይሻላል። ዓመቱ ተቆርጦ፣ በጽሑፍ ሆኖ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ፣ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ምንም ሳይከፈልበት ይመለሳል። ገንዘቡ ከወለድ አገዱ ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚያልቅ ነገር ነው።

ስለ ተዝካርም፣ የእኛም የካህናቱ እጅ ያለበት ስለ ሆነ፣ ሳልናገር አላልፍም። ለአርባው በሬ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሀገር ተጠርቶ፣ በማግሥቱ ልጆቹ መሬት ሲያስይዙ አይቻለሁ፤ ከተጠሩትም አንዱ ነበርሁ። ለሞተው ሰው የሚያስፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ ድግሱ የይሉኝታ ነው። ከዚህ ሆናችሁ ለድግስ የምትልኩትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ለአባታችሁ ሕክምና ብትልኩት፣ በሬውም መሬቱም ይተርፋሉ።

ለሕክምናው ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማትጠይቁት አንድ ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ በኋላ በስፋት የተዳረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ደብተሩን ካሳደሰ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳያሳድሱት ቀርተው በሬ የሸጡ ሰዎችን ስላየሁ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ «መድኑ ታድሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጧሪው ነገር ልመለስ። በሀገራችን ሽማግሌዎች ልብ ውስጥ መሬት የጧሪ ነው። ያጠበ፣ ያጎረሰ፣ ሌሊት ያገላበጠ ሰው መሬቱን ቢያገኝ ማንም አይፈርድበትም፤ እኔም አልፈርድም። የእኅታችን ወንድም አባቱን ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሚስቱም የሽማግሌውን ልብስ ታጥባለች። ይህ ጉልበት በገንዘብ አይለካም። ነገር ግን መድኃኒቱ ባይላክ ጉልበቱ ምን ያደርግ ነበር? ስለዚህ ጧሪዎቹ ሁለት ናቸው። ችግሩ፣ የአንደኛው ጡረታ በሀገሬው ዓይን የታየ መሆኑ፣ የሌላኛዋ ግን በሐዋላ መጥቶ በመድኃኒትና በዘይት ያለቀ መሆኑ ነው።

ሕጉም ሩቅ ላለች ልጅ የሚመች ሆኖ አልኖረም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው መሬቱን ለቤተሰቡ አባል ማውረስ ይችላል ሲል፣ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራውን ሰው ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ የአማራ ክልል ቁጥር 252/2009 ነው። በእናንተ አካባቢ ማን እንደሚወርስ የሚነግራችሁ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት እንጂ የጎረቤት ወሬ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ወንድም ስለሌላቸው የአባታቸው ርስት እንዳይቀርባቸው በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። እነርሱ ግን በቦታው ነበሩ። የእናንተ ፈተና በቦታው አለመኖራችሁ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በሀገር ቤት ሳገለግል አንድ ሽማግሌ በሞት አልጋ ላይ ሆነው አስጠሩኝ። የንስሐ አባታቸው ነበርሁ። ኃጢአታቸውን ከተናዘዙ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት «መሬቱ ዐረብ ሀገር ላለችው ልጄ ነው፤ እርሷ ናት ያኖረችኝ» አሉ። እኔም ኑዛዜ ተፈጸመ ብዬ ፈትቼ ወጣሁ፤ ወረቀት አላነሣሁም። ልጅቱ በሦስተኛው ዓመት ስትመጣ መሬቱ በአጎቷ ልጅ እጅ ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቤ የሰማሁትን መሰከርሁ፤ አልረዳትም። በቋንቋችን የንስሐውም የርስቱም ቃል «ኑዛዜ» ነው፤ እኔም የቤተ ክርስቲያኑን እንጂ የሕጉን አላወቅሁም ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ የመሰለ ጥቂት ነገር ብቻ ነው የሚሆነው። መሬት በቃል አይናዘዙትም።

በጽሑፍ የሚደረገው ኑዛዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ ሙሉ በሙሉ የሚጽፈው ነው፤ ይህ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሁለተኛው ሌላ ሰው ቢጽፈውም በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡም ቀኑም ተጽፎበት፣ ወዲያው ሁሉም የሚፈርሙበት ወይም የጣት አሻራ የሚያደርጉበት ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችን የሚሆነው ይህ ነው። የሚጠቀመው ልጅ ምስክር አይሁን። መሬቱን ለማን ማውረስ እንደሚቻል ግን የክልሉ አዋጅ ስለሚወስን፣ አስቀድሞ እርሱ ይጠየቅ። ይህም አባት ልቡ ሳይደክም፣ ቃሉ ሳይሰበር መሆን አለበት።

«ስመለስ እጠይቃለሁ» ማለትም አደጋ አለው። በዚያው ሕግ ወራሽ መብቱን፣ ሌላው ሰውም የውርሱን ንብረት መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈ፣ ጥያቄው በይርጋ ሊዘጋ ይችላል። መምጣት የማትችል በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ትሰጣለች፤ ሰነዱም በሀገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ፓስፖርቷ ከማዳሟ ሣጥን ላለባት ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ኢቃማ ለማሳደስ በምትወጡበት ቀን ይህንንም አብራችሁ አስቡት። ውክልናው ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ ይሁን። «በእኔ ስም ሁሉን ያድርግ» የሚል ወረቀት ሰጥተው ያለቀሱ አሉ።

ገንዘብ ስትልኩም በሰው እጅ ከመላክ በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። «ይህ የአባዬ መድኃኒት ነው» ብላችሁ በስልክ መልእክት ጻፉለት፤ ወንድማችሁም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ወንድማማቾችን ያጣላው ያልተጻፈው ነው።

ያቺን እኅት በዚያ እሑድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። «እናትሽ አሉ? በመሬቱ ደብተር ላይ ፎቷቸው አለ?» በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይወጣል፤ አባት ብቻውን ወይም ልጅ በአባቱ ስም የእናትን ድርሻ ማዛወር አይችልም። «አለ» አለችኝ። እናቲቱን እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በሳምንቱ ደውላ ከእናቷም ከወንድሟም ጋር ተነጋገረች። ወንድሟ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እዚህ ሽንት የምጠርገው እኔ ነኝ» አላት። «አዎን፣ አንተ ነህ» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የቻሉት። የቀበሌው ቀጠሮ ቀረ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እርሱ ምን እንደሚያደርግ፣ እርሷ በየወሩ ምን እንደምትልክ፣ መሬቱም ለሁለቱ እንዴት እንደሚሆን በወረቀት አሰፈሩ፤ አባታቸውም እናታቸውም አሻራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ለመሄድ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ጥማድ ከመያዝ ተርፏል። የመጀመሪያውን ግን ገንዘቡን ሰብስባ እስክትመልስ ድረስ ጎረቤቱ ያርሰዋል፤ ዘንድሮም ጤፍ ዘርቶበታል።