«ኦሮማይ» ምኑ ነው ያስቆጣው?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ቡሹሎ የጎረቤቴ ልጅ ጀርባው የተላጠ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ይዞ ቤቴ መጣ። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት መንገድ ዳር ዘርግተው ከሚሸጡት የገዛው ነው። በሦስት ቀን ጨርሶታል፤ ፊቱ ላይ ግን ዕቃ ገዝቶ የተሸወደ ሰው ቅሬታ ይነበባል። «ጋሼ፣ ደራሲውን ያስበላው መጽሐፍ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። ወድጄዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ምኑ ነው ሰው የሚያስበላው? ፍቅር አለ፣ ስለላ አለ፣ ጦርነት አለ። በቃ!» አለኝ።

የልጁ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ለሚያነብ ሰው የመጽሐፉ እሳት አይታየውም። ያኔ ያነበቡት ሰዎች ገጹ ላይ ያልተጻፈውን አብረው ያነቡ ነበር፤ እሳቱም ያለው እዚያ ነው። እስቲ ከመነሻው እንየው።

በ1974 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በኤርትራ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ያለውን ጀመረ። «ሁለገብ» የተባለው ውጊያውን ከመልሶ ግንባታው ጋር ደርቦ ስለያዘ ነው፤ የቆመው ፋብሪካ ይንቀሳቀሳል፣ የተዘጋው መንገድ ይከፈታል፣ ለኤርትራ ነጻነት የሚዋጋው ሻዕቢያም ከሳሕል ተራሮች ተጠራርጎ ይወጣል ተባለ። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም ራሳቸው አስመራ ከተሙ። ሚኒስትሩም፣ ባለሙያውም፣ ጋዜጠኛውም ተከትሎ ሄደ። ከሄዱት አንዱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም የነበረው የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ ነው፤ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ ነበር። የሻዕቢያ ምሽግ የነበረችው ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ስፍር ቁጥር የሌለው ወታደር በዚያ ተራራ ሥር ቀረ። ስለ ሽንፈቱ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ትንፍሽ አላሉም።

በዓመቱ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ «ኦሮማይ» ወጣ። ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው፤ የመንግሥት አሳታሚ። መንግሥት ኋላ ከገበያ ያስለቀመው በራሱ ድርጅት ያሳተመውን መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ርዕሱ ራሱ ነገር አለበት። ጣልያኖች «ኦርማይ» ሲሉ «ከእንግዲህማ» ማለታቸው ነው። ቃሉ አስመራ ሲደርስ ትግርኛ ለብሶ «አበቃ፣ አከተመ፣ ላይመለስ ሄደ» የሚል ስሜት ያዘ። ድል እየተነገረለት ያለ ዘመቻ ላይ «አከተመ» የሚል መጽሐፍ ተጻፈ። ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ወሬ ለሕዝብ እንዲያደርስ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ አለችው። አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል፤ ልቡም እዚያው ይቀራል። በዚህ መሀል የደኅንነት ሰዎች ሥዕላይ ባራኺ የተባለውን የሻዕቢያ ሰው ያሳድዳሉ፣ ከተማዋ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ ይጠፋል፣ መጨረሻም ነገሩ ሁሉ ወደ ናቅፋ ያመራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንብባችሁ ድረሱበት።

እንግዲህ የ1975ቱ አንባቢ ይህን ሲያነብ ጸጋዬን ጸጋዬ ብሎ አላለፈውም። «ይሄማ ራሱ በዓሉ ነው» አለ። ጉራ የሚያበዛውን ሹም፣ መጠጥ የሚወደውን አዛዥ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፈውን ካድሬ እያነሳ «ይሄኛው እገሌ፣ ያኛው እገሌ» እያለ ስም ለጠፈበት። ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ የሚደረገው ሒስ ይኸው ነበር፤ የስም ዝርዝር ማውጣት። ከሚታሙት ባለሥልጣናት መካከል ደግሞ በሥልጣናቸው ላይ ተቀምጠው ይህን ሐሜት የሚሰሙ ነበሩ። በዚያ ላይ ጸሐፊው ከሩቅ ሆኖ የሰማ ሰው አይደለም፤ አብሯቸው የበላ፣ አብሯቸው ስብሰባ የተቀመጠ የቤት ሰው ነው። ከውጭ ለሚመጣ ስድብ «የአድኃሪያን ወሬ» የሚል የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው። የቤት ሰው ሲጽፍ ግን መልስ ጠፋ።

በዓሉ ለዚህ ዓይነት አጻጻፍ አዲስ አልነበረም። «ደራሲው» በተባለው ቀደም ያለ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ሲራክ ወዳጁ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር እንደሆነ ያላወቀ የለም። ስብሐት ጸሐፊ ነበር፤ ቢከፋ አኩርፎ ዝም ይላል። «ኦሮማይ» ውስጥ ራሳቸውን ያዩት ግን ሽጉጥ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

በዓሉ ከሥራው ተባረረ። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ያመለጠው ቅጂ ጋዜጣ ተሸፍኖ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ያዘ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ሌላ አገር ቢሆንስ ምን ይደረግ ነበር?»

ኔዘርላንድን ለምሳሌ ያህል ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1951 ቪለም ፍሬዴሪክ ኸርማንስ የተባለ ጸሐፊ «ሁልጊዜ ልክ እኔ ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠው ልብ ወለድ አወጣ። ዋናው ሰውዬ ከኢንዶኔዥያ፣ ኔዘርላንድ ከተሸነፈችበት የቅኝ ግዛት ጦርነት የተመለሰ ምሬተኛ ወታደር ነው፤ ከሚራገማቸው መካከል የአገሩ ካቶሊኮች ይገኙበታል። ጸሐፊው ሕዝበ ካቶሊክን ሰድበሃል ተብሎ ተከሰሰ። ችሎቱ ፊት የቀረበው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ገጸ ባሕርይ የተናገረው ቃል የደራሲው ቃል ነው ወይ? በ1952 በነጻ ተሰናበተ። የተሸነፈ ጦርነት፣ የተቆጣ ባለጉዳይ፣ «ማነው የተናገረው» የሚል ክርክር ሁለቱም ጋ አለ። እዚያ ግን ፍርድ ቤት ነበር።

እዚያው ኔዘርላንድ ለ«ኦሮማይ» ቀረብ ያለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮኒ ፓልመን «ሉሲፈር» የሚል ልብ ወለድ አሳተመች። መጽሐፉ የተነሳው ከአንድ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት ነው፤ ፔተር ስኻት ይባላል፤ ሚስቱ በግሪክ ደሴት ላይ ከፍ ካለ ቦታ ወድቃ ሞታለች። ልብ ወለዱ «ወደቀች ወይስ ተገፋች» የሚል ጥርጣሬ አንስቶ ይዞራል። ሰውየውም ያኔ ሞቷል፤ ለራሱ መናገር አይችልም። ሐያስያኑ ተከፋፈሉ፤ «ልብ ወለድ ነው» ከሚል ሽፋን ጀርባ ሙት መክሰስ ነውር ነው ያሉ ነበሩ፣ ደራሲ ያየውን ሁሉ የመጠቀም መብት አለው ያሉም ነበሩ። ጭቅጭቁ ጋዜጣ ላይ ተጀምሮ ጋዜጣ ላይ አለቀ። ፓልመን መጻፏን ቀጠለች።

እኛ ጋ የጎደለው ይህ የጋዜጣው ክርክር ነው። «ኦሮማይ» ሲወጣ ሒስ ሊጻፍበት አልቻለም። ሲታገድ ስሙን መጥራት የሚያስፈራ ሆነ። ደርግ ወድቆ እንደገና ሲታተም ደግሞ ደራሲው ሰማዕት ሆኖ ነበርና፣ ሰማዕት ላይ ሒስ መጻፍ ይከብዳል። እንዳለጌታ ከበደ በጻፈው የበዓሉ የሕይወት ታሪክ ሰውየውን ከነ ድካሙ ሊያሳይ ሞክሯል። የሚነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ይህ ሰው «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ጽፎ አብዮቱን ያሞገሰ፣ የመንግሥት ጋዜጦችን የመራ፣ ለዚያው ሥርዓት ሲሠራ የኖረ አልነበረም ወይ? ነበር። ለእኔ «ኦሮማይ»ን ትልቅ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ የጻፈው ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ግማሽ ዋጋውን ያጣ ነበር።

ስለ ጥበቡ ከጠየቃችሁኝ አስመራን የሳለበት ክፍል፣ ዋናውን ጎዳና ኮምቢሽታቶን፣ ዘንባባውን፣ የማታውን የእግር ጉዞ፣ ዛሬም አቻ ያለው አይመስለኝም። ናቅፋ ላይ ያለው ውጊያ ደግሞ የአማርኛ ልብ ወለድ ከጻፋቸው የጦርነት ገጾች ከምርጦቹ ይመደባል። ሴቶቹ ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ጸጋዬን ለመውደድ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ፊያሜታ ከውበቷ ባሻገር የራሷ ሐሳብ እንዳላት የምናየው አልፎ አልፎ ነው። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉኝ።

ልብ ወለድን እንደ ስም ዝርዝር የማንበብ ልማዳችን መልኩን ቀይሮ ሌላ ቦታም ብቅ ብሏል። ተስፋዬ ገብረአብ በ1992 ዓ.ም. «የቡርቃ ዝምታ»ን ሲያወጣ አንባቢ የፈለገው ሹማምንትን አልነበረም፤ ታሪክን ፈለገ። አንዱ ወገን የታፈነ በደል ያወጣ መጽሐፍ ብሎ አቀፈው፣ ሌላው በሕዝብ መካከል ጥላቻ የዘራ ብሎ ረገመው። ሁለቱም እንደ ሰነድ ነው የያዙት። ተስፋዬ ከአገር ወጥቶ በስደት ኖረ፤ ከኖረባቸው አገሮች አንዷ ይህችው ኔዘርላንድ ናት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ አረፈ። በመጽሐፉ ላይ ያለው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ልብ ወለዱ እንደ ልብ ወለድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። የውጭው አንባቢ ከሹማምንቱ አንዱንም አያውቅም። እንደ ቡሹሎው ልጅ፣ ፍቅርና ስለላ ያለበት የጦርነት ልብ ወለድ ብሎ ነው የሚገባበት። መጽሐፉ ያለ ሐሜቱ ድጋፍ በራሱ እግር መቆሙ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ቆሟልም። ልጁ «ወድጄዋለሁ» ያለው እኮ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው።

ስለዚህ ገና ላላነበባችሁት ምክሬ፣ መጀመሪያ ያለ ስም ዝርዝር አንብቡት። «ይሄ እገሌ ነው» የሚላችሁ ሽማግሌ ካለ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት፣ እኔንም ጨምሮ። መንገድ ዳር ከሚሸጠው ስትገዙ ደግሞ ገጾቹን ቁጠሩ፤ የልጁ ቅጂ መሀሉ ላይ ስምንት ገጽ ጎድሎት ነበር።