ሌሊቱን ለእንቅልፍ፣ አርምሞውን ለቀን

ስሜት በከፍታና በድባቴ መካከል ከሚዋልልበት ከባይፖላር ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ሜዲቴሽን፣ አርምሞ፣ ዚክር ወይም ሱባኤ ሲጀምር ቤተሰብም ጓደኛም የሚጠይቀው «እንዴት ነው፣ ልብህ አረፈ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን የተሳሳተውን ነገር ይለካል። በዚህ ሕመም ልብ ፍጹም ያረፈበት፣ ዓለም ሁሉ የበራ የመሰለበት ቀን የማገገም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ማኒያ የሚሉት፣ የሰፈር ሰው «ወፈፍ አደረገው» የሚለው ከፍታ መግቢያም ሊሆን ይችላል። በውስጡ ላለው ሰው ሁለቱን መለየት እጅግ ይከብዳል። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ጸጥ ብሎ ለጥቂት ደቂቃ መቀመጥ በአብዛኛው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ጸጥታው ከእንቅልፍ፣ ከውሃና ከመድኃኒት የሚወስደው ነው። ስለዚህ ልምምዱ መልካም መሆኑን የምንመዝነው በተመስጦ ጊዜ በተሰማን ስሜት ሳይሆን ትናንት ሌሊት በተኛነው ሰዓት መሆን አለበት።

ይህን የምጽፈው የጊኒርን፣ የሮቤንና የጎባን ሰው እያሰብኩ ነው። ሜዲቴሽን የሚለው ቃል ወደ ባሌ የመጣው በስልክና በዩቲዩብ ነው፤ ነገሩ ግን ለባሌ እንግዳ አይደለም። ዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ የሚጠራው በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም ነው፤ ምእመናንም ለጸሎት ይሰበሰቡበታል። ድሬ ሼኽ ሁሴን ከየአገሩ ዝያራ የሚመጣበት ስፍራ ነው። ኸልዋ ገብቶ ብቻን ከፈጣሪ ጋር መሆን፣ በሐድራ ሌሊቱን በመንዙማ ማንጋት፣ በክርስቲያኑም ወገን ማኅሌት መቆምና ሱባኤ መያዝ ሰዉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው። ስለ ሜዲቴሽን ደኅንነት በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙው ምክር ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላው ተነሥቶ ወደ ሥራው ስለሚሄድ ሰው ነው የሚያወራው። እኛ ዘንድ ጥልቁ ልምምድ የሚደረገው በሌሊት፣ በጾም፣ በብዙ ሰው መካከል፣ አንዳንዴም ከቡናና ከጫት ጋር ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ለባይፖላር ሕመምተኛ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ይኸው ነው።

ሕመሙም ቢሆን የፈረንጅ አይደለም። በቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው በተደረገ ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ከባድ የሚባለው የባይፖላር ዓይነት የታየባቸው ከወንዶች 0.6 በመቶ፣ ከሴቶች 0.3 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። መጀመሪያ የሚገለጠውም በአማካይ በ22 ዓመት ገደማ ነበር። 22 ዓመት ወጣቱ ጥያቄ የሚበዛበት፣ ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ስልኩ መተግበሪያ መልስ ፍለጋ የሚሄድበት ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው ከፍታ የመጀመሪያውን ጥልቅ ጸሎት ተከትሎ ሲመጣ ታዲያ «ጸሎት አሳበደው» የሚል ፍርድ ይሰጣል፤ ወይም በተቃራኒው «ጸጋ ወረደለት» ይባላል። ሁለቱም ሰውየው ለስንት ሌሊት እንዳልተኛ አይጠይቁም።

እንቅልፍን ያን ያህል የማነሣበት ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዌር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ማኒያን የሚቀሰቅሱ የሚመስሉ የተለያዩ ነገሮችን፣ ሐዘንን፣ ጉዞን፣ መውለድን፣ መድኃኒትን አንድ ላይ አይተው ብዙዎቹ የሚያልፉበት የጋራ በር የእንቅልፍ ማነስ ነው ብለው ጻፉ። ሰው በሐዘን ምክንያት ይነቃል፤ በመንቃቱ ምክንያት ደግሞ ከፍታው ይጀምራል፤ ከፍታው በተራው እንቅልፍን ይቀንሳል፤ ክቡ እየጠበበ ይሄዳል። ሌሊቱን በጸሎት ያደረን ጤነኛ ሰው በማግስቱ ተመልከቱት፦ ዓይኑ ይከብዳል፣ ያዛጋል፣ ከቀትር በኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ወደ ከፍታው እየወጣ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኝቶ እንደ ዘጠኝ ሰዓት ታድሶ ይነሣል። ንግግሩ ይፈጥናል፤ ዕቅዱ ይበዛል፤ ገንዘቡ እጁ ላይ አይቆይም፤ «እንቅልፍ አያስፈልገኝም፣ ጸሎቱ ያበረታኛል» ይላል። በዚያ ላይ ጫት ከተጨመረ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ስለሆነ፣ በሩ ከሁለት ወገን ይገፋል። ስለዚህ ለዚህ ሕመምተኛ ከዱአው በፊት ጫቱን መተው የደኅንነት ጉዳይ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ሜዲቴሽንን ከነጭራሹ ይተዉት» የሚል አለ። ጥናቱ ይህን አይልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 95 የባይፖላር ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ከተለመደው ሕክምናው በተጨማሪ ለስምንት ሳምንት ልብ ብሎ የመቀመጥን ሥልጠና ወሰደ። በዓመቱ ሲታይ ሥልጠናው የሕመሙን መመለስ አልቀነሰም፤ ጭንቀትን ግን አቀለለ። ይህን ውጤት ሁለት ዓይነት ሰዎች ሊያነቡት ይገባል፦ ሜዲቴሽን መድኃኒትን ይተካል የሚል ሰው፣ ሕመሙን እንዳላስቆመ ይይ፤ ሜዲቴሽን መርዝ ነው የሚልም፣ በልክና በሠለጠነ ሰው እጅ ሲሰጥ ጭንቀትን እንዳቀለለ ይይ። ጉዳት ሊኖር መቻሉም እውነት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 የ83 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ሥራ ከሚለማመዱት 8.3 በመቶ ያህሉ ላይ ያልተፈለገ ውጤት እንደታየ አስልቷል፤ ከሁሉ የሚበዛውም ጭንቀትና ድባቴ ነበር። በዓለም ዙሪያ የሚሰጡት፣ ገና ሳይነጋ ነቅቶ በቀን አሥር ሰዓት ያህል እየተቀመጡ የሚካሄዱት የአሥር ቀን የቪፓሳና ኮርሶችም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንዳይገቡ ይመክራሉ። አዘጋጆቹ ራሳቸው መጠኑን እየፈሩት እኛ ለታመመ ልጃችን «ሰባት ቀን ዘግተህ ጸልይ» ስንል ትንሽ ልናስብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከእምነት የሚመጣው ነው፦ «ጸሎትና ጾም ሰው አይጎዱም፤ ይጎዳሉ ማለት የእምነት ጉድለት ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎችን አከብራለሁ፤ የሚናገሩት ሰው ሲበረታ ካዩበት ቦታ ነው። ግን ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ሰው በር ከፍቷል። ቁርኣን በረመዳን የታመመው ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣው ይፈቅዳል፤ በኦርቶዶክሱም ዘንድ የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ምክር ከጾም ይለቀቃል። የተሰበረ እግር ላለው ሰው አትስገድ ስንል እምነቱን አልነካንበትም። ጸበልና ኪኒን ይጋጫሉ የሚለውም ክርክር በአገራችን አንድ ጊዜ በይፋ መልስ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የያኔው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉን ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒታቸው ጋር አብረው እንዲወስዱ አሳስበዋል። ለኤችአይቪ የተባለው ለባይፖላር የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጾምን በተመለከተ ጥናቶቹ እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር። በሞሮኮ ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ 20 ሕሙማን በረመዳን ሲከታተሏቸው 45 በመቶዎቹ ላይ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ወደ ከፍታ ነበር፤ የሚገርመው በደማቸው ያለው የሊቲየም መጠን አልተዛባም ነበር። በፓኪስታን 62 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ግን የሊቲየሙም መጠን የስሜታቸውም ሁኔታ አልከፋም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ጾሙ ራሱ ፍርድ እንዳልሆነ ነው። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ልክ ሆኖ ሰው ከታመመ ሌላ የተዛባ ነገር አለ ማለት ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚዛባው ሌሊቱ ነው። ኢፍጣር፣ ተራዊሕ፣ ጨዋታ፣ ከዚያ ሱሑር። መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቆ የኪኒኑን ሰዓት ያስተካክል፤ ከተራዊሕ በኋላ ያለውን ጨዋታ ደግሞ ለእንቅልፍ ይተው።

ሊቲየም ለሚወስድ ሰው አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ሊቲየም ጨው ነው፤ ኩላሊት ከምግብ ጨው ብዙም አይለየውም። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ጨውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል፤ በደም ውስጥ ይከማቻል። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን በሚወርደው ሞቃት መንገድ በእግሩ እየሄደ የሚያልበው፣ ወይም በባሌ ደጋ ብርድ ጥም ሳይሰማው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ የሚውለው ሰው ሁለቱም እዚህ አደጋ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። እጅ ከወትሮው በላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ሲመጣ፣ እግር ሲንገዳገድ፣ አፍ ሲተሳሰር ነገሩ የመንፈስ ፈተና ነው ብሎ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥም ሌላው አደጋ ነው፤ ከፍታው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመለሳል።

አሁን ወደምፈራው ተቃውሞ ልምጣ። «ደስታዬን ሁሉ በሽታ ልትሉት ነው? በጸሎት ያገኘሁትን ብርሃን ሐኪም በምን ይመዝነዋል?» ይህ ጥያቄ እውነተኛ ሥቃይ አለበት። ወራት በድባቴ ጨለማ የቆየ ሰው ብርሃን ሲያይ ተጠራጠረው ማለት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ብርሃኑን ጣለው አልልም። ብርሃኑ እውነት ከሆነ እስከ ነገ ጠዋት ይቆያል፤ ስምንት ሰዓት ተኝተህ ስትነሣም ታገኘዋለህ። ካንቀላፋህ እሸሻለሁ፣ ኪኒን ከወሰድክ እጠፋለሁ፣ ዛሬውኑ ተነሥተህ ለሕዝብ ስበክ፣ ንብረትህን ሽጥ የሚልህ ግን ትዕግሥት የለውም፤ መጣደፉ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የጥንት መናንያንም ሆኑ የተሶውፍ ሰዎች ብቻውን ያለ መሪ የሚጓዝን ሰው ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ባይፖላር ላለበት ሰው መሪው ሁለት ነው፦ የሃይማኖት አባቱና ሐኪሙ። ሁለቱ ቢተዋወቁ ደግሞ የተሻለ ነው።

በተግባር ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። በቀን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁርስና ኪኒን ከተወሰደ በኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ገርበብ አድርጋችሁ መሬቱን ተመልከቱ እንጂ ሙሉ በሙሉ አትጨፍኑ። እግር መሬት ይንካ። ትንፋሽን አታፍጥኑ፣ አታቁሙ፤ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ልብ በሉ፤ ዚክር ወይም አቡነ ዘበሰማያት ከሆነም ድምፅን ዝቅ አድርጋችሁ በዝግታ። ስልኩ በአሥር ደቂቃ ይጥራ፤ ሲጠራም ጣፋጭ ቢሆንም ተነሡ። በድባቴ ጊዜ ቁጭ ብሎ ወደ ውስጥ ማየት ራስን የመክሰስ ሐሳብን ሊያበዛ ይችላልና ያኔ ከመቀመጥ ይልቅ መራመድ ይሻላል፤ ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ ግን መቀመጥም መራመድም ቀርቶ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግሮ አብሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ልምምድም ቡናም አይኑር። የቅዳሜው ሐድራ ወይም የበዓሉ ማኅሌት ሲመጣ መጀመሪያውን ተካፍሎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል፤ ይህን ለሼኹ ወይም ለካህኑ አስቀድሞ መናገር ደግሞ ወጥቶ መሄዱን ነውር ከመሆን ያድነዋል።

ለቤት ሰው ደግሞ ትንሽ ደብተር ትበቃለች። በየጠዋቱ ሁለት ነገር ይጻፍባት፦ ስንት ሰዓት ተተኛ፣ ኪኒኑ ተወሰደ ወይስ አልተወሰደም። በሁለት ተከታታይ ሌሊት እንቅልፉ ከወትሮው በሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ በተለይ ሰውየው ሳይደክመው ከዋለ፣ ልምምዱ ይቁም፤ ደብተሯንም ይዞ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው የጤና ተቋም መሄድ ነው። ማን እንደሚወስደው፣ በየትኛው መኪና፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ሰውየው ደኅና በሆነበት ቀን ከራሱ ጋር ተስማምቶ ይጻፍ፤ እናት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ የፈረሙበት ወረቀት በዚያችው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ይለጠፍ።